ሰልፍ የያዘው ሙቀጫ

የምርጫው ቀን ማለዳ ሳርፖማ ከክፍሏ ወጥታ ወደ ግቢው ማብሰያ ጥግ ስትሄድ ሙቀጫዋ በቦታው የለም። ሁለቱ ዘነዘናዎች እንዳሉ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሙቀጫው ይቀመጥበት የነበረው ሲሚንቶ ላይ ክብ የእርጥበት ምልክት ብቻ ቀርቷል፤ በክቡ መሃል ሁለት በረሮዎች ጣሪያቸው እንደተነሳባቸው ተከራዮች ይተራመሳሉ። ሳርፖማ ወገቧን ይዛ ቆመች። ማን ወሰደው ብላ ከማሰቧ በፊት እንዴት አድርጎ ተሸከመው ብላ አሰበች። ሙቀጫ ማንኪያ አይደለም። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ አፉ እንደ ልብስ ማጠቢያ ሳፋ የሰፋ፣ እናቷ ከገጠር በጭነት መኪና ያመጣችው፣ ጎረምሳ ለብቻው ቢያነሳው በማግስቱ ጀርባውን ይዞ የሚውልበት ዕቃ ነው። በግቢው ስምንት ክፍሎች ያለ ሰው ሁሉ ከተቀቀለ ካሳቫና ሙዝ የሚሠራውን ፉፉውን የሚወቅጠው በእሱ ነበር።

ሌላ ቀን ቢሆን እስከ ማታ ትታገስ ነበር። ዛሬ ግን በስምንት ሰዓት የኦዱሮ ዘመዶች ልጇን ዱፊዬን ለእሱ ሊጠይቁ፣ ደጅ ሊያንኳኩ ይመጣሉ። ቀኑን የቆረጡት እነሱ ናቸው፤ ምርጫ ስለሆነ ሥራ ዝግ ነው፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ነው ብለው። የኦዱሮ አጎት ናና ቦአሄን ደግሞ ባለፈው ወር አንድ ለቅሶ ላይ፣ «የከተማ ልጅ ፉፉ የምታውቀው የካርቶኑን ዱቄት ነው፤ ውሃ አፍልታ ታማስላለች እንጂ መውቀጥ የት ታውቃለች» ማለታቸው ሳርፖማ ጆሮ ደርሷል። ያን የሰማች ቀን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ትናንት ገበያ ወርዳ የአርባ ሲዲ ካሳቫ፣ የስልሳ ሲዲ የሚቀቀል ሙዝ፣ የሁለት መቶ ሲዲ የፍየል ሥጋ ገዝታለች። ሥጋ ሻጩ ምርጫ ነው ብሎ ሃያ ሲዲ ጨመረባት። ምርጫውና ፍየሉ ምን አገናኛቸው ብትለው፣ ፍየል የሚያመጣው መኪና መራጭ ጭኖ ሄዷል አላት።

«ሙቀጫውን ያየ አለ?» ስትል ግቢውን ጠየቀች።

ዱፊዬ የጥርስ ብሩሿን ከአፏ ሳታወጣ መለሰችላት። «ዎፋ ነው የወሰደው። ሌሊት አስር ሰዓት ላይ ሲያንከባልለው ሰማሁት።» ዎፋ የምትለው የእናቷን ወንድም አምፖፎን ነው።

«ወዴት?»

«ወደ ሰልፍ።»

ሳርፖማ ወዲያው ገባት። በሰፈሩ የምርጫ ሰልፍ የሚያዘው ከዋዜማው ጀምሮ በድንጋይ ነው። ሰው ስሙን በጠመኔ የጻፈበትን ድንጋይ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አስቀምጦ ቤቱ ገብቶ ይተኛል፤ ጠዋት ይመጣና ድንጋዩ አጠገብ ይቆማል። አምፖፎ ባለፈው ምርጫ ድንጋዩን አስራ ሁለተኛ ላይ አስቀምጦ ሄዶ፣ ጠዋት ሲመለስ የምርጫ ጣቢያው በር በነፋስ እንዳይዘጋ ተደግፎበት አገኘው። ከዘጠና ሰው ኋላ ቆሞ መረጠና ፀሐይ ጠልቃ ቤቱ ገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንም በእግሩ ገፍቶ የማያርቀውን ነገር ሲያስብ አራት ዓመት ኖረ። ማግኘቱ ነው።

ከጎረቤት ግቢ መዋስ የማይታሰብ ነው። በዝናብ ውሃ የተነሳ ከተኳረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ የእነሱ ውሃ ወደ እሷ ይመጣል፣ እሷም ጠርጋ ወደ እነሱ ትመልሰዋለች። ካሳቫውን ልጣ እንድትጥድ ለዱፊዬ ነገረቻትና የሥራ ጨርቋን ወገቧ ላይ አጥብቃ፣ «እንደሄድኩ እመለሳለሁ» ብላ ወጣች።

ከግቢው በር አስር እርምጃ ሳትርቅ አሸዋው አለ። የፍሳሽ ቦይ ሊሠራበት ከሁለት ወር በፊት የተደፋ ትልቅ ክምር ነው፤ መንገዱን ስለዘጋ መኪና አያሳልፍም። የዘንድሮውን ያስደፋው የዓሣው ፓርቲ ነው። ባለፈው ምርጫ ያስደፋው የመሰላሉ ፓርቲ ነበር። ምርጫው ሁለት ወር ሲቀረው ይመጣል፤ ውጤት በተነገረ በሳምንቱ መኪናው ተመልሶ ይጭነዋል። ሾፌሩ ሁሌም ያው አንድ ሰው ነው። አንዴ ወዴት ልትወስደው ነው ብትለው፣ «ማሜ፣ እኔ ያመጣሁትን ነው የምመልሰው» አላት፤ ሐቀኛ ሰው ነው። ሳርፖማ በዕድሜዋ ሁለት ጊዜ ድምፅ ሰጥታለች፤ አንዴ ለዓሣው፣ አንዴ ለመሰላሉ። ሁለቱንም ጊዜ አሸዋው ሄደ፣ ሁለቱንም ጊዜ ክረምት ሲገባ ውሃው በበሯ ስር ገብቶ ፍራሿን አነሳው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ምርጫ ቤቷ ውላለች። ለምን ሲሏት ተናድጄ ነው አትልም። ሥራ አለኝ ትላለች። የመራጭ ካርዱ ግን አላት፤ በስልክ የሚላክ ገንዘብ ያለ እሱ ስለማይወጣ አውጥታ ከስልኳ ሽፋን ስር ሸጉጣዋለች።

ምርጫ ጣቢያው ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ማንጎ ዛፍ ስር ነው። ሰልፉ ከማንጎው ተነስቶ በሩን አልፎ ወጥቷል፤ ግማሹ ሰው፣ ግማሹ ዕቃ ነው። ድንጋይ፣ አሮጌ ጎማ፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ ባዶ የቀለም ጣሳ፣ አንድ ነጠላ ጫማ። ሳርፖማ የጫማው ባለቤት በሌላኛው ጫማ ብቻ ይመጣ ይሆን እያለች አለፈችው። ስልሳኛው ቦታ አካባቢ ሙቀጫዋ እንደ ሹም ተደላድሎ ተቀምጧል፤ ጎኑ ላይ በጠመኔ አምፖፎ ተብሎ ተጽፎበታል። ጎንበስ ብላ ጠርዙን ያዘች።

«ማሜ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለቻት ከኋላው የቆመችው፣ በግቢዋ የምትኖረው ልብስ ሰፊ አጋርታ።

«ሙቀጫዬን እየወሰድኩ።»

«እሱማ አይሆንም። እኔ ከሙቀጫው ቀጥሎ ነኝ።»

«ሁኚ። ማን ከለከለሽ?»

«ከምን ቀጥሎ ልሁን?»

ከኋላ አንዱ፣ «እኔ ከሙቀጫው ሦስተኛ ነኝ» አለ። ሌላው ሰባተኛ ነበር። ከፊት የቆሙት እንኳ ቦታቸውን ወደ ኋላ የቆጠሩት ከእሱ ተነስተው ነው። በጨለማ ሲመጡ ድንጋይ ከድንጋይ አልተለየላቸውም፤ ሙቀጫ ግን አንድ ነበር። ዓሣና መሰላል ጎን ለጎን በቆሙበት ሰልፍ ላይ ቦታ ከጠፋ ምን እንደሚከተል ሁሉም ያውቃል። ጫጫታውን ሰምቶ አንድ ወፍራም ፖሊስ መጣ፣ ሙቀጫውን በጫማው ነካ አድርጎ አየው።

«ይሄ ከተነሳ እዚህ ሰላም የለም። ባለቤቱ ይምጣና ይነጋገር።»

«ባለቤቱ እኔ ነኝ።»

«የሙቀጫው ነው ወይስ የቦታው?»

ሳርፖማ እንዲህ ያለ ጥያቄ በሕይወቷ ቀርቦላት አያውቅም። ስልኳን አውጥታ ለወንድሟ ደወለች። አምፖፎ ከመኪና ጡሩምባ መሃል አነሳው።

«እህቴ፣ ጉድ ሆኛለሁ። ስሜ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ዝርዝር የለም። ወደ ታፎ ጣቢያ ተዛውሯል ብለውኝ እየሄድኩ ነው።»

«ታዲያ ሙቀጫዬን ለማን ትተህ ሄድክ?»

«ታፎም ከሌለ እመለሳለኋ። ቦታዬን እንዳታስነኪብኝ።»

«አምፖፎ፣ በስምንት ሰዓት እንግዳ አለኝ።»

«እኔም አገር አለኝ» አለና መስመሩ ተቋረጠ።

ፖሊሱ ፈረደ። ሙቀጫው ከሰልፉ ጋር ይሄዳል፤ ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ ሴትዮዋ ይወስዱታል፤ እስከዚያ የሚገፋው ሰው አጠገቡ ይቁም። የሚገፋው ሰው ማን እንደሆነ ለመናገር ዞር እንኳ አላለም።

እንዲህ ሆኖ ሦስት ምርጫ ቤቷ የዋለች ሴት ሰልፍ ገባች። ሰልፉ አንድ እርምጃ ሲራመድ እሷና ከፊቷ የቆሙት ጡረተኛው ቲቸር ባፉር ሙቀጫውን አዘንብለው ያሽከረክሩታል፣ ያቆሙታል፣ ላባቸውን ይጠርጋሉ። ቲቸር ባፉር ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ኪሳቸው ላይ አራት እስክሪብቶ ሰክተዋል፤ ለአንድ አሻራ አራት እስክሪብቶ ለምን እንዳስፈለጋቸው አልጠየቀቻቸውም። የታኅሣሥ ደረቅ ነፋስ አቧራውን እያነሳ ከንፈር ይሰነጥቃል። ማሽኑ ባትሪ አልቆበት ሁለት ሰዓት ሰልፉ ቀጥ አለ። ፖሊሱ ደክሞት ሙቀጫው ጠርዝ ላይ ሊቀመጥ ሲያጎነብስ ሳርፖማ፣ «የምንበላበት ላይ አይቀመጥም፣ ልጄ» አለችው፤ እንደ ተገሠጸ ተማሪ ቀና አለ። ዱፊዬ በየሰዓቱ ትደውላለች፦ ካሳቫው በስሏል። ሙዙም በስሏል። መረቁ ወጥቷል። ካሳቫው እየቀዘቀዘ ነው፣ ምን ላድርግ?

«እንዲያው ግን ማሜ» አሉ ቲቸር ባፉር፣ «እዚህ ድረስ መጥተው አለመምረጥ ምን ይሉታል? ድምፅ ያልሰጠ ሰው በኋላ ቅሬታ ማቅረብ አይችልም።»

«እርስዎ ሰጥተው አቀረቡ?»

«በጽሑፍ ነዋ። ስለ ቦዩ ሦስት ገጽ።»

«ምን አሉዎት?»

ቲቸር ባፉር ከእስክሪብቶዎቻቸው አንዱን አወጡና መልሰው ሰኩት። «ደብዳቤው መድረሱን አሳውቀውኛል።»

«መቼ?»

«ስምንት ዓመት ሆነው።»

አጋርታ ከኋላ ሳቀች። እሷ ለቦይ ብላ አይደለም የተሰለፈችው። ሁለቱም ፓርቲዎች ካናቴራ ሰጥተዋታል፤ የዓሣው ጨርቅ ለትራስ ልብስ ይሆናል፣ የመሰላሉ ግን አንድ ጊዜ ሲታጠብ ይለቃል፤ ስለዚህ ለዓሣው ነው የምትሰጠው። ቲቸር ባፉር ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ማንጎው አዞሩ። ሳርፖማ ግን የአጋርታ ሒሳብ ከሰማችው ሁሉ ይሻላል ብላ አሰበች። ትራሱ ቢያንስ ቤት ይገባል።

ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ሙቀጫው ጠረጴዛው ጋ ደረሰ። ሳርፖማ ጎንበስ ብላ ወደ ውጭ ልታሽከረክረው ስትል ማሽኑን የያዘችው ወጣት ሴት ቀና አለች። «የዱፊዬ እናት አይደሉም እንዴ? አብረን ነው የተማርነው። ስድስት ሰዓት ቆመው ዝም ብለው ሊሄዱ ነው? በሉ ካርድዎን ይስጡኝና ጣትዎን እዚህ ያድርጉ።» እምቢ ማለት ነውር መሰላት። ካርዱን ከስልኳ ሽፋን ስር አውጥታ ሰጠች፣ ጣቷን ማሽኑ ላይ አሳረፈች። ቀይ መብራት በራ። ሌላ ጣት አደረገች፤ ቀይ። አስሩንም አዳረሱ። ልጅቷ የሳርፖማን እጅ ገልብጣ መዳፉን ወደ ብርሃን አቀረበች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዘነዘና ከፍ ባለ ቁጥር ትኩስ ሊጥ ሲገለብጥ የኖረ እጅ ነው፤ ጣቶቹ እንደ ወንዝ ጠጠር ልሙጥ ናቸው። አንድ መስመር የለባቸውም።

«ማሽኑ አላወቀዎትም፣ ማሜ።»

«አላወቀኝም ማለት?»

«እርስዎ መሆንዎን አላረጋገጠም።»

«እና ማን ነኝ?»

ልጅቷ ማሽኑን በእጅጌዋ ጠረገችው። ሳርፖማ ሦስት ምርጫ ቤቷ የዋለችው በራሷ ፈቃድ ነው፤ ያ የእሷ ነው። አሁን ግን ከሳሙና የማይበልጥ ዕቃ «የለሽም» ሲላት ዝም ብላ መሄድ ሌላ ነገር ሆነባት። ግብዣ ሳይሄዱ መቅረትና በር ላይ መመለስ አንድ አይደለም።

«ሙቀጫውን ወደዚያ አድርጉልኝ» አለች። «ይሄ ነገር ሳያውቀኝ አልሄድም።»

ማሽን ያላወቀው ሰው በቅጽ ይመርጣል፤ ቅጹ ላይ ግን የሁለቱም ፓርቲ ታዛቢዎች መስማማት አለባቸው። የመሰላሉ ታዛቢ የዓሣው ሰው ናት ብሎ ጠረጠራት፤ የዓሣው ደግሞ አስራ ሁለት ዓመት ቤቱ የከረመ ሰው ዛሬ ምን አወጣው አለ። ካርዱ ላይ ያለውን ፎቶ አዩ፣ እሷን አዩ፣ ፎቶው ላይ ፀጉሯ ሹሩባ ነበር። ዱፊዬ ደወለች፤ አላነሳችውም። አንድ የሚያውቃት ሰው ይመስክር ተባለ። ቲቸር ባፉር እጃቸውን አወጡ፤ እርስዎ ሰልፉ ላይ አብረዋት ሲገፉ ነበር ተብለው ተከለከሉ። አጋርታም እንደዚሁ።

በዚህ መሃል በትምህርት ቤቱ በር አምስት ሰዎች ገቡ። ሁሉም የክት ለብሰዋል፤ አንዱ የመጠጥ ሣጥን ተሸክሟል። አሸዋው መንገዱን ስለዘጋባቸው መኪናቸውን አቁመው በትምህርት ቤቱ ግቢ ሊያቋርጡ ነው። ከፊት የሚሄዱት ናና ቦአሄን ናቸው፤ ከባድ ጥለት ያለው ጨርቃቸው በአንድ ትከሻቸው ላይ ተጣጥፏል። ኦዱሮ ከኋላቸው ሆኖ ሳርፖማን ሲያይ ክው ብሎ ቆመ። የነገ አማቱ አቧራ ለብሳ፣ የማብሰያ ጨርቅ አሸርጣ፣ አስር ጣቷን ዘርግታ ከሁለት ሰዎች ጋር ትከራከራለች፤ አጠገቧ ሙቀጫ አለ።

«ማን ናት?» አሉ ናና ቦአሄን።

«እናቷ ናቸው» አለ ኦዱሮ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሳርፖማ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ናና ቦአሄን ግን ወደ ጠረጴዛው ተጠግተው ነገሩን ጠየቁ፣ ልጅቷም አስረዳቻቸው። ሽማግሌው ሁለቱን ታዛቢዎች በየተራ አዩአቸው። «እኔ የዚህችን ሴት ልጅ ልጠይቅ ከሌሊት ጀምሬ ሦስት መኪና የቀየርኩ ሰው ነኝ» አሉ። «እሷ እሷ ካልሆነች፣ እኔ አሁን የማን ቤት ልሄድ ነው?»

ታዛቢዎቹ ፈረሙ።

ሳርፖማ ወረቀቱን ይዛ መራጩን ከሚከልለው ካርቶን ጀርባ ቆመች። ስድስት ፎቶ አለ፤ ስድስቱም ፈገግ ብለዋል። ዓሣውን አየች፣ ፍራሿን አስታወሰች። መሰላሉን አየች፣ ፍራሿን አስታወሰች። የቀሩትን አራቱን አታውቃቸውም፤ አሸዋ ለማስደፋት አቅም ያነሳቸው ይመስላል። ባዶውን አጥፋ ልትከተው አሰበች፤ ግን ያን ሁሉ የታገለችው ማንም የለም ለማለት አልነበረም። ከመጨረሻው ፎቶ ስር ሁለት ጣት የሚሆን ነጭ ቦታ ነበር። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ እዚያ ላይ፣ ፉፉ ስታድበለብል በምትጫነው ልክ ጫን አድርጋ አሳረፈች። መስመር የሌለው ክብ ጥቁር ነጥብ ሆነ። አጥፋ ሳጥኑ ውስጥ ጣለችው፤ ትንሿ ጣቷ ላይ ቀለም ቀቧት።

ስትወጣ ኦዱሮ የክት ልብሱን እንደለበሰ ሙቀጫውን ትከሻው ላይ አውጥቶ ቀድሟቸው ሄዷል። ደጅ የማንኳኳቱ ሥርዓት ያሰበችውን አልመሰለም። ኦዱሮ ሸሚዙን አውልቆ ወቀጠ፣ ዱፊዬ በሌላኛው ዘነዘና ተቀበለችው፣ ሳርፖማ ቀለሙ እንዳይነካው ትንሿን ጣቷን ዘርግታ ገለበጠች። ናና ቦአሄን ወንበር ላይ ሆነው የወንድማቸው ልጅ፣ ልጃቸውን ገና ያልሰጡት ሰዎች ቤት ፉፉ ሲወቅጥ ተመለከቱ። ሦስት ድብልብል በሉ። እጃቸውን ሲታጠቡ ብቻ፣ ፎጣውን የያዘችላቸውን ሳርፖማን ሳያዩ፣ «ይሄ የካርቶን አይደለም» አሉ። የመጡበት ጉዳይ እዚያ ላይ አለቀ፤ የቀረው የመጠጡን ሣጥን መክፈት ነበር።

እንግዶቹ ሄደው ጀምበር ስትጠልቅ አምፖፎ ከቲቸር ባፉር ጋር መጣ። ታፎም ስሙ አልነበረም፤ ወደ ሌላ ጣቢያ ልከውት በሩ ከተዘጋ አምስት ደቂቃ በኋላ ደርሷል። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ድምፅ ሳይሰጥ ሲቀር የመጀመሪያው ነው። የእህቱን ጣት ሲያይ እንደ ተቀማ ሰው አፈጠጠ። ግን ሌላ የባሰ ነገር ይዞ ነበር የመጣው። ቆጠራውን ማንጎው ስር ቆመው አይተዋል፤ ዓሣ ሁለት መቶ ስድስት፣ መሰላል ሁለት መቶ ስድስት፣ ዋጋ አልባ አንድ።

«አንድ ሰው» አለ አምፖፎ። «አንድ ሰካራም። ማንም የሌለበት ባዶ ቦታ ላይ አትሞበት። ወረቀቱን ከፍ አድርገው ለሁላችን አሳዩን። ዓሣዎቹም ያን ሰው አምጡልን ይላሉ፣ መሰላሎቹም ያን ሰው አምጡልን ይላሉ። ፖሊሱ ነው የገላገላቸው።»

«አሻራው መስመር እንኳ የለውም» አሉ ቲቸር ባፉር። «የዘይት ጠብታ ነው የሚመስለው።» ይህን ብለው ሙቀጫውን የምታጥበውን የሳርፖማን እጅ አዩ። ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ኪሳቸው ላይ ያሉትን እስክሪብቶዎች በጣታቸው ዳሰሱና ቀስ ብለው፣ «ያ ሰው ግን ምን ፈልጎ ይመስልዎታል፣ ማሜ?» አሏት።

አጋርታ እንኳ በበሯ ብቅ ብላ ነበር። ሳርፖማ ከሙቀጫው ጎን ላይ የአምፖፎን ስም በመፈግፈጊያ አስለቀቀች።

«አሸዋው እንዳይነሳ ፈልጎ ይሆናላ» አለች።

«እንዴ» አለ አምፖፎ፣ «አሸዋ እኮ ወረቀቱ ላይ ቦታ የለውም።»

«እሱን ነው እንግዲህ የነገራችሁ» አለች ሳርፖማ፣ ሙቀጫውን ውሃው እንዲንጠፈጠፍለት በአፉ ደፋችው።